ለባዮሎጂ የቀረው ሦስት ሳምንት

መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድምዓለም ጠሃ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔም ባለቤቴ ኸድርም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የላክኸው በሶ በደህና ደርሷል። ዓፊፋ አውቶብስ ላይ ከጭኗ ሳታወርድ ነው ያመጣችው። ይህችን ሴት በየሳምንቱ በመቐለና በመርሳ መካከል ለንግድ የሚያመላልሳት አላህ ይስጣት እንጂ፣ የመርሳን ኔትወርክ ብንጠብቅ እኔና አንተ በሕይወት መኖራችንንም ባልተዋወቅን ነበር።

የጠየቅከኝን አስቀድሜ ልመልስ። ሠላሳ ስምንት ነው። ከመቶ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። ሌላውን ሁሉ አልፌዋለሁ፤ ሒሳብ እንኳ ሃምሳ ዘጠኝ አምጥቻለሁ። የወደቅኩት በባዮሎጂ ብቻ ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ሳጥብ የምውል ሴት! ሳቅ፣ መብትህ ነው።

የማታ ትምህርት ቤታችን ድጋሚ ፈተናውን ቅዳሜ ግንቦት 9 እሰጣለሁ ብሏል። ሃምሳ ካላመጣሁ አሥራ ሁለተኛን እደግማለሁ። ብደግም ደግሞ ክሊኒኩ አይጠብቀኝም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዘንድሮ ከጨረስኩ ለቴክኒሻን ትምህርት ስሜን እንደምታስገባ ነግራኛለች። ስም የሚገባው ደግሞ በየዓመቱ አይደለም፤ ቦታ ሲገኝ ነው። የመጨረሻው ቦታ የተገኘው ከጦርነቱ በፊት ነበር።

መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ ነው። የኔ ተራ ሰኞና ማክሰኞ ነው። ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ ዋና ዋናውን በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ በሌላ ወረቀት እገለብጣለሁ። አሁን ወረቀቱ ሁሉ ቀይ ሆኗል፤ ዋናው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል። ትናንት ሁለት ሰዓት አንብቤ ስነሳ የማስታውሰው የገጹን ቁጥር ብቻ ነበር።

አንተ ስምንት ዓመት ያስተማርክ ሰው ነህ። በሦስት ሳምንት ምን ይነበባል? ምንስ ይተዋል? ትምህርት ቤትህ ያሉትን የድሮ ፈተናዎችህንም በዓፊፋ ላክልኝ፤ ለአንተ አቧራ ናቸው፣ ለኔ ወርቅ ናቸው።

እህትህ ሀፊሳ

መርሳ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩም ሰላም እታለም፣

ሠላሳ ስምንቱን አይቼ አልሳቅሁም፤ ተናደድኩ። በአንቺ አይደለም፣ በቀይ እስክሪብቶሽ ነው። ገጹን ሁሉ ያሰመረ ሰው ምንም አላሰመረም። እስክሪብቶውን ለልብስ ሰፊው ባልሽ ለኸድር ስጪው፣ ጨርቅ ያስምርበት።

ከምዕራፍ አንድ መጀመሩን ዛሬውኑ አቁሚ። ሦስት ሳምንት አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ አይበቃም። የማታውቂው የቱ እንደሆነ ለመለየት ግን ይበቃል። ካቻምናና አምና ከተፈተኑ ሰዎች የድሮ ጥያቄዎች ለምኚ። ጎን ለጎን አድርጊና የሚደጋገመውን ፈልጊ። አስተማሪም ሰው ነው፤ የሚወደው ርዕስ አለው። እኔ ኩላሊትን ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ከዚያ አንድ ርዕስ ሃያ ደቂቃ ታነቢያለሽ። መጽሐፉን ትከድኚዋለሽ። ባዶ ወረቀት ታወጪና በአእምሮሽ የቀረውን ትጽፊያለሽ። ወረቀቱ ባዶ ቢቀር አትደንግጪ፤ የሚያስተምርሽ እሱ ባዶው ነው። በማግስቱ ያንኑ ርዕስ ትደግሚዋለሽ፣ ከሦስት ቀን በኋላም እንደገና። ሥዕል ያለበትን ቦታ ሥዕሉን ብቻ ሥለሽ ስሞቹን በኋላ ከራስሽ ሙዪ። ሲያልቅ ደግሞ ለሰው አስረጂ። ኸድር አለ አይደል? ኩላሊት ለኸድር ከገባው ለአንቺም ገብቶሻል ማለት ነው።

ስለ ድሮ ፈተናዎቼ አውፍ በይኝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ለጊዜው የለም። እንደመጣ እልክልሻለሁ።

አብሽሪ። ሃምሳ ተራራ አይደለም።

ወንድምሽ ጠሃ

መቐለ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ጠሃዬ፣

ዓርብ ነው፤ ዓፊፋ ነገ ጠዋት ስለምትሄድ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው።

እንዳልከኝ አደረግኩ። መጽሐፉን ከደንኩ። ወረቀት አወጣሁ። ወረቀቱ ባዶ ቀረ። ያ ባዶ ምን እንዳስተማረኝ ልንገርህ? ቁጣ ነው ያስተማረኝ። በማግስቱ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ሁለቱም ስሕተት።

ትናንት ሐሙስ ሥራ የለኝም ነበርና ቀኑን ሙሉ ላጠና አስቤ ነበር። ውኃ መጣ! የዓይናለም ጉድጓዶች ውኃ ወደኛ ሰፈር ከመጣ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ውኃ ሲመጣ እዚህ ማንም ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ጀሪካኖቹን ደርድሬ ማስታወሻዬን በእጄ ይዤ ሰልፍ ገባሁ። ሴቶቹ ሲጋፉ ወረቀቱ ረጠበና የሴል ክፍፍል የሚባለው ነገር በሙሉ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ቀረ።

ኸድርን አስቀምጬ ስለ ኔፍሮን ጀመርኩለት። "የማን ልጅ ነው?" አለኝ። ኩላሊት ውስጥ ያለች ትንሽ ማጣሪያ ናት ብዬ ስቀጥል ሱሪ እየጠቀመ አንገቱን ይነቀንቃል። "እስኪ ድገምልኝ" ስለው "ጥሩ ነው፣ በርቺ" አለኝ። ወላሂ መቀሱን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

አንድ የተሳካልኝ ነገር አለ። የቤቱ ባለቤት ኣደይ ኣብረኸት በረንዳ ላይ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀምጬ በተሰባበረ ትግርኛዬ ስለ ኩላሊት አስረዳኋቸው። ደም ይገባል፣ ይጣራል አልኳቸው። "ንምንታይ?" አሉኝ። ለምን ማለታቸው ነው። ቆሻሻው እንዲወጣ ነዋ። "ንምንታይ ደኣ ጥሩው አብሮ አይወጣም?" ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ። "ንምንታይ ታዲያ መጀመሪያ ወጣ?" እዚህ ላይ ሮጬ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ከዚያ ወዲህ ኩላሊት አልጠፋኝም። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከመምህራችን የበለጠ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

የሚያናድደኝ ሌላው እንግሊዝኛው ነው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው ጥያቄውን ነው። "ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የትኛው አይደለም" ዓይነት ነገር እያሉ ሰውን ያዞራሉ።

አሁን የቸገረኝ ልብ ነው። የአርተሪና የቬይን፣ የሁለቱ የደም ሥር ዓይነቶች ልዩነት ይምታታብኛል፤ በአጭሩ ጻፍልኝ። ደግሞ የቁልፉ ሰውዬ አልመጣም እንዴ? ዓፊፋ ደብዳቤህን የእህል መጋዘን በር ላይ ሰጠኝ አለች። መጋዘን ምን ትሠራለህ?

ሀፊሳ

መርሳ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ሀፊሳ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

መጋዘን የተገኘሁት ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነው። የቁልፉ ሰው አልመጣም። ስለነዚህ ነገሮች ባትጠይቂኝ ጊዜሽን ታተርፊያለሽ።

ልብ አራት ክፍል አላት፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። ይህን በቃልሽ ያዢ፦ አርተሪ ሁሉ ኦክስጅን ያለውን ደም ይሸከማል፣ ቬይን ሁሉ ኦክስጅን የሌለውን። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አታወሳስቢው።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሳነበው የምታጠኚ ሰው ሳይሆን ምክንያት የምትሰበስቢ ሰው ሆነሽ ነው የምትታዪኝ። ውኃው፣ ኸድር፣ ሰልፉ፣ እንግሊዝኛው። ተማሪዎቼም እንዲህ ይሉኝ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረሽ፤ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ባዶውን ወረቀት ካልሞላሽው ሌላ ዘዴ የለኝም።

ሠላሳ ሁለት ዓመትሽ ነው። ካልሆነ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰውም ያስፈልገዋል።

ጠሃ

መቐለ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሃ፣

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

አርተሪ ሁሉ ኦክስጅን ያለው ደም አይሸከምም። ያንተን ቃል ይዤ ሁለት ቀን በቃሌ ሳነበንብ ከረምኩ። ትናንት ለኣደይ ኣብረኸት ሳስረዳ፣ ከልብ ወደ ሳምባ የሚሄድ አርተሪ አለ፣ እሱም ኦክስጅን ያለው ደም ይዞ ይሄዳል አልኳቸው። "ኦክስጅን ከያዘ ታዲያ ሳምባ ድረስ ምን ሊሠራ ሄደ?" አሉኝ። የመጽሐፉ ተራ የኔ ስላልነበር ክፍል ጓደኛዬ ቤት ድረስ ሄጄ አየሁት። አንተ ነህ የተሳሳትከው! ወደ ሳምባ የሚሄደው ኦክስጅን የሌለው ደም ነው። አርተሪ ማለት ከልብ የሚወጣ ማለት ነው እንጂ ስለ ኦክስጅን አይደለም። ይህ ጥያቄ ደግሞ አምናም ካቻምናም መጥቷል። አላወሳሰብኩትም፣ እንዳልከኝ።

ስለ ዕድሜዬ ልመልስልህ። እማ ከአልጋ መነሳት ያቃታት ጊዜ እኔ አሥረኛ፣ አንተ ስምንተኛ ነበርን። ማን ቤት ይቅር ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት አንተ ደብተርህን ይዘህ ወጣህ፣ እኔ በሩን ዘጋሁ። አለቀ። እሷን ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ዛሬም ያነሳሁት ዕድሜዬን አንተ ስለቆጠርከው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ዘግይቼ የመጣሁት መንገድ ላይ ስጫወት አይደለም።

ብርጭቆ ማጠብ ነውር አይደለም፤ በእሱ ነው የምኖረው። እንዲያ ያለውን ነገር ግን ሌላ ሰው ይበለኝ። አንተ አትበለኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ዓፊፋ ባለፈውም እዚያው መጋዘን በር ላይ አገኘሁት አለች። እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ነበር አለች። ሰው ሊጠይቅ የሄደ ሰው ዱቄት አይለብስም። ያ የቁልፍ ሰውዬ በዚህ ሁሉ ሳምንት የት ሄደ? "ይሉኝ ነበር" ያልከው ምንድን ነው? አሁን አይሉህም?

የፈተና ወረቀቱን ተወው። እውነቱን ላክልኝ።

ሀፊሳ

መርሳ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም፣

አውፍ በይኝ። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ በቂ መስሎ አልታየኝም። ሌላ ግን የለኝም። አውፍ በይኝ።

ዕቃ ቤት የለም። ቁልፍ የያዘ ሰውም የለም። ትምህርት ቤቱ ከአምና ጥር ጀምሮ ዝግ ነው። በተዘጋበት ሳምንት የሆነውን በወረቀት አልጽፈውም፤ ስንገናኝ እነግርሻለሁ፣ ወይም አልነግርሽም። መጻሕፍቱ የሉም። ፈተናዎቼ የሉም። አንዲት የባዮሎጂ ገጽ በእጄ የለችም። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽ ሁሉ በምሳ ሰዓት፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው። አዎ፣ መጋዘን ነው የምሠራው። ማሽላ እመዝናለሁ፤ መዛኝ ሲበዛ እሸከማለሁ።

አልነገርኩሽም። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲመጣ "ምን ይነበባል፣ ምን ይተዋል" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከተገኘ አሥራ አምስት ወር አልፎት ነበር። ለሁለት ሳምንት እንደገና አስተማሪ ሆንኩ። እውነቱን ብነግርሽ የምትጠይቂኝ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ጤናዬን፣ ኑሮዬን። እኔ ደግሞ ስለ ኩላሊት እንድትጠይቂኝ ነበር የፈለግሁት።

አርተሪውን ስታርሚኝ ወረቀቱን ጨብጬ መጋዘኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው። ተማሪ እንደዚያ ብሎ ሲጽፍ በቀይ የምሰርዝበት ሰው ነበርኩ። ከእጄ ወጣ ማለት ነው። ምን ሌላ ነገር ወጥቶብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ከኔ ያገኘሽውን ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሪ። ስለ ውኃውና ስለ ኸድር የጻፍኩት ቁጣም ላንቺ አልነበረም። አንቺ ግን ነሽ የተቀበልሽው።

ስለ እማ። አውቃለሁ። በሩ ሲዘጋ እሰማው ነበር። ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ብዞር የማልሄድ መስሎኝ።

ይህ ዓርብ ከደረሰሽ፣ ዓርብ አዲስ ነገር አትንኪ። የተሳሳትሻቸውን ጥያቄዎች ብቻ አንድ ጊዜ እያቸው። በልተሽ ተኚ። ፈተናው ላይ መጀመሪያ የምታውቂውን ሥሪ። ጥያቄው ሲዞርብሽ "አይደለም" የሚለውን ቃል ክበቢበት፤ ግማሹ ወጥመድ እዚያ ላይ ነው።

ወንድምሽ ጠሃ

መቐለ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አውፍ ብዬሃለሁ፣ አንተም ስለ እማ የጻፍኩትን አውፍ በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ። እስክትነግረኝ ድረስ ስለዚያ ሳምንት አልጠይቅህም።

አሁን የኔን ስማ። አርባ ስምንት!

አርባ ስምንት ነው ያመጣሁት። ሠላሳ ስድስት ወይም ሠላሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሁለት ነጥብ ምን ይባላል? ክፍሉ ውስጥ ውጤት ሲለጠፍ ስሜን ከታች ወደ ላይ ፈለግኩት፤ ሳገኘው ጣቴን አንስቼ እንደገና አስቀመጥኩት። ያው ነው።

ፈተናው ግን አልከበደኝም ነበር፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ኩላሊት መጣ፣ በሙሉ ሠራሁት። የሳምባው አርተሪ መጣ፣ እስክሪብቶዬ ሳይንቀጠቀጥ ጻፍኩት። "አይደለም" የሚለውን ክብ አደረግኩ፤ ሦስት ቦታ ከወጥመድ አውጥቶኛል። ከዚያ የጽሑፍ ጥያቄ ነበር፣ አራት ነጥብ። ቀይ የደም ሴል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል፣ ለምን? ይላል። ውኃው በኦስሞሲስ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ዜሮ ሰጠኝ። ከጎኑ "ይጨማደዳል" ብሎ በቀይ ጽፎበታል።

እኔ በየቀኑ የደም ብርጭቆ የማጥብ ሰው ነኝ። የማየውን አውቃለሁ። ግን እሱ መምህር ነው፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ያመጣሁ ነኝ። መጽሐፉ ደግሞ ከፈተናው በኋላ ተሰብስቧል፤ የማረጋግጥበት የለኝም። መምህር ገብረሃንስ ቅሬታ ያለው ማክሰኞ ይምጣ ብሏል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ይታሸጋል። ጥያቄውንና መልሴን እንዳለ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ትክክል ነኝ ወይስ አይደለሁም? ምነው መልስህ ከማክሰኞ በፊት ቢደርስልኝ።

ሀፊሳ

መርሳ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ዓፊፋ መንገድ ተዘግቶባት ሁለት ቀን ቆይታ ዛሬ ሰኞ ነው የደረሰችው። ይህ ማክሰኞ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ብሸከመው እንኳ አይደርስም። ይህን ሳስብ ጥርሴን ስነክስ ነው የዋልኩት።

ትክክል ነሽ! ይፈነዳል! የሚጨማደደው ጨው የበዛበት ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ከጭንቅላቴ ብቻ አልመለስኩም። የከተማው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኋት፣ ከመጽሐፏ አሳየችኝ። ለመምህሩ ሦስት ገጽ ጽፌአለሁ፣ ከዚህ ጋር ታሽጓል። ሥዕልም አለበት። አክብሬ ነው የጻፍኩት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንሽ አክብሮቴ ቀንሷል። ቢታሸግም ባይታሸግም ስጪው። ዳይሬክተሩ ጋ ውሰጂው። አትተዪው!

ጠሃ

መቐለ
ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ጠሃዬ፣

ያንተ ሦስት ገጽ ሐሙስ ደረሰኝ። ነገሩ ግን ማክሰኞ አልቆ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዓፊፋን መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ጠብቄአት ነበር፤ አልመጣችም። ያን ጊዜ በአንተም በመንገዱም በራሴም ተናደድኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ያየሁትን ነገር አየሁ ለማለት ከመርሳ ወረቀት እጠብቃለሁ?

መምህር ገብረሃንስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ቀን ሌላ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ እኛን፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ወረቀቴን አሳየሁት። ሳያነበው የመልሱን ቁልፍ አወጣና "ቁልፉ ይጨማደዳል ነው የሚለው" አለኝ።

"ቁልፉ ተሳስቷል" አልኩት።

ከጀርባዬ ሠላሳ ሰው አለ፣ አብዛኛው ልጅ ነው። እሱም ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ያ ባሰብኝ። "እሺ እናቴ፣ ሰሌዳው ያው፤ አስረጂን" አለኝ። እናቴ ሲለኝ ጥቂቶቹ ሳቁ።

ጠመኔውን አነሳሁ። ሁለት ብርጭቆ ሣልኩ። አንደኛው ጨዉ እንደ ደም በልክ የሆነ የላቦራቶሪ ጨው ውኃ ነው፣ አንደኛው ንጹሕ ውኃ ነው አልኳቸው። በየቀኑ የደም ብርጭቆ አጥባለሁ፤ በጨው ውኃው ሲለቀለቅ ይደፈርሳል፣ ጣትህን ከጀርባው አታየውም፣ ቆይቶ ደሙ ከታች ይዘቅጣል። ሴሎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ወዲያው ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል፣ እንደ ካርካዴ ሻይ፤ ከጀርባው ጽሑፍ ይነበባል። የሚደፈርሰው ነገር የት ሄደ? ሴሎቹ ፈነዱ፣ ቀዩ ነገር ወጣ። ተጨማድደው ቢሆን ኖሮ ከታች ተቀምጠው እናገኛቸው ነበር አልኩ። ከዚያ ቀስት ሣልኩና ውኃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አሳየሁ። ይህን ሁሉ በአማርኛና በትግርኛ ቀላቅዬ ነው የተናገርኩት፤ እንግሊዝኛው ያን ጊዜ ጠፍቶኝ ነበር።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። "የተክል ሴልስ? ለምን አይፈነዳም?" አለኝ።

"ግድግዳ አለዋ!" አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ራሴም ደነገጥኩ።

ቁልፉን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ "ይህን ቁልፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ሁለት መልስ አዛውሬአለሁ። ይፈነዳል ብሎ የጻፈ እጁን ያውጣ" አለ። ሰባት እጅ ወጣ። ከሰባቱ አምስቱ ወድቀው ዝም ብለው የተቀመጡ ናቸው። አንዷ ልጅ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ለሁላችንም አራት አራት ጨመረ። የኔን ሰርዞ ሃምሳ ሁለት ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። እጄን ጨብጦኝ "ይቅርታ ሀፊሳ" አለኝ። እናቴ አላለኝም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ትናንት ስሜን አስገብታለች። ትምህርቱ በመስከረም ይጀመራል ኢንሻአላህ። ኸድር ሲሰማ ማሽኑን አቁሞ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ፤ ኣደይ ኣብረኸት ደግሞ "ንምንታይ አራት ብቻ ጨመረልሽ?" አሉኝ።

አሁን ስለ ሦስቱ ገጽህ። ለመምህሩ አልሰጠሁትም። አያስፈልገውም። ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለተኛውንም ገጽ። እኔ ያንን ነገር ለማወቅ ስንት ብርጭቆ አጥቤአለሁ፤ አንተ በአንድ ሥዕል ጨርሰኸዋል። ኸድር እንኳ፣ ኔፍሮን የማን ልጅ ነው ያለው ሰው፣ ሥዕሉን አይቶ "እህ፣ ለካ እንዲህ ነው" አለ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ማሽላ ሲመዝን ሊውል አይገባውም። ደብዳቤውን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ የሚያስፈልገው ለአንተ ነው።

አውቃለሁ፣ መጽሐፍ የለም፣ ወንበር የለም፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው ትለኛለህ። እውነትህን ነው። እኔም ውኃና ሰልፍ ስልህ እውነቴን ነበር። ግን በዚያ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ጠፍተው ነው? መስጊዱ ግቢ ጥላ የለውም? በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ መዛኙ ሌላ ሰው አይሆንም? የመጽሐፉን ነገር ለኔ ተወው። የዘንድሮዬን ማስታወሻ ንጹሕ አድርጌ መገልበጥ ጀምሬአለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ከዓፊፋ ጋር ናቸው። አርተሪውን በትክክል ጽፌዋለሁ።

አትመልስልኝ። ጀምርና ስንት ልጅ እንደመጣ ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ሀፊሳ

መርሳ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩም ሰላም እታለም፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ኢድ ሙባረክ ለሁላችሁም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩብሽ። ትእዛዝ ይመስላል። ሁለት ቀን ተናድጄ ቆየሁና ኢማሙን አናገርኳቸው።

ረቡዕ ጀመርን። ዘጠኝ ልጆች መጡ። ሐሙስ ስድስት፤ የአረፋ ዋዜማ ስለነበር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰሌዳ የለም፣ የግቢው በር ላይ በከሰል እጽፋለሁ። ኢማሙ ስለ በሩ ደስተኛ አይደሉም። ሁለት ልጆች የተማሩትን ሁሉ ረስተዋል፣ አንዱን ከሴል በፊት ማንበብ ላስተምረው ይገባል። ትናንት እሑድ አሥራ አራት መጡ፤ ከእነሱ ሦስቱ ከማላውቀው ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ምን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደምነግራት ገና አላሰብኩም።

ብዙ የምጽፍልሽ ነበረኝ። ለነገ መዘጋጀት ስላለብኝ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ጠሃ